እትዬ የሺ በር ላይ የተለጠፉት ፊደሎቼ

ትናንት ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ የግቢያችን ሰው ሁሉ በጎረቤቴ በእትዬ የሺ በር ላይ ተሰብስቦ አንድ ወረቀት ያነባል። እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁልኝ... አስተያየታቸው ደስ አላለኝም።

ጠጋ ብዬ ሳይ የተጻፈው በእኔ ፊደል ነው። እዚሁ ካዛንቺስ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ለአንድ መዋዕለ ሕፃናት ብዬ በእጄ ስያቸው፣ በኋላ በኮምፒውተር እንዲጻፍባቸው ያደረግኳቸው ፊደሎች ናቸው... ሆዳቸው የተነፋ፣ እግራቸው የተንሻፈፈ። አሁን የሰፈሩ ጁስ ቤት ማስታወቂያ ሁሉ የሚጻፈው በእነሱ ነው። ልደትማ ያለ እነሱ አይከበርም።

ወረቀቱ ግን የሚለው፣ ቤቱ ለልማት ስለሚፈለግ እትዬ የሺ በአስቸኳይ እንዲለቁ ነው። ከሥሩ ማህተም አለበት።

እትዬ የሺ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተ... ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም?»

«ፊደሉ የኔ ነው እትዬ። ወረቀቱን ግን አላውቀውም።»

«የፊት ክፍልዎ ለሱቅ ይሆናል ያልከኝስ?»

ብያለሁ። ለጨዋታ ነበር... እሺ፣ ግማሹ ለጨዋታ ነበር። ካፍ የወጣ አፋፍ። ማህተሙን ባሳያቸው አንዱ ጎረቤት «ማህተም ለማተሚያ ቤት ሰው ምን ያቅተዋል?» አለኝ። ሌላው ደግሞ «ወረዳ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ እየሳቀ የሚጽፈው?» አለ። እሱስ እውነቱን ነው። እኔም ያሰብኩት የሆነ አጭበርባሪ ነው ብዬ ነው።

«ና ወረዳ እንሂድ» አሉኝ እትዬ። መንገዱን ሙሉ ከኋላዬ ነበሩ... እንዳላመልጥ።

የወረዳዋ ጸሐፊ ወረቀቱን ገና ስታየው ፈገግ አለች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። ያምራል አይደል?»

«እህቴ፣ ይሄ እኮ እኛ ማተሚያ ቤት የሠራሁት የልደት ፊደል ነው» አልኳት።

«የክትባት ማስታወቂያ ስታትሙልን ኮምፒውተራችን ላይ ጭናችሁልን ነው ያገኘሁት። በዚያኛው፣ በመደበኛው ፊደል ስጽፍ ሰው ይደነግጣል። ማለቴ... ባለፈው አንዲት እናት እዚህ እያነበቡ ወደቁብኝ። በዚህኛው ይቀላቸዋል ብዬ ነው።»

በቃ፣ ትእዛዙ እውነት ነው ማለት ነው። በጣም አዘንኩ። እንደ አጭበርባሪ ተቆጥሬ ብቀር ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ የሺ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ መለሱላት።

«ልጄ፣ ከቤቴ ስወጣ አይሳቅብኝ። ኮስተር ባለው ጻፊልኝ።»

ልጅቷ አቀርቅራ በዚያኛው፣ በደረቁ ፊደል ጻፈችላቸው። እትዬ ተቀብለው ቀስ ብለው አነበቡት... አልቅሰው የማያውቁት ሴትዮ ገና ያኔ አለቀሱ።

ለአንድ ጠዋት ያህል እንኳ ፊደሎቼ ቤቱ አይወሰድም ብለው ዋሽተውላቸው ነበር።