ለየብቻ ምሳ

በኮሮና ጊዜ የልብስ ስፌት ፋብሪካችንን ሥራ አስኪያጅ ከበሽታው ይልቅ ክስ ያስፈራው ነበር። ጠበቃው «ማስጠንቀቃችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ይኑራችሁ» ብሎት ሄደ፤ እሱም ግድግዳውን ሁሉ ማስታወቂያ አለበሰው። ጭንብል ያላደረገ፣ ርቀቱን ያልጠበቀ፣ ከሌላ ሰው ጋር ከአንድ ሳህን የበላ ይሰናበታል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ግን ከደረቀ ሰንብቷል።

እኔ የሰው ኃይል ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። የክፍሉ ኃላፊ የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ፣ በኦሮምኛ አልፋ፣ በሶማልኛ ትጨርሳለች። እንደ ድሬዳዋ ልጅነቷ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው። ከአዲስ አበባ የመጣው ሥራ አስኪያጅ «እርስዎ» እያለ ሊያስተምራት ቢሞክርም አልሆነለትም። እንዴት እንደምወዳት! እፈራትም ነበር።

ሴቶቹ ምሳ የሚበሉት ሦስት አራት ሆነው ነው። አንዷ እንጀራ፣ አንዷ ወጥ ታመጣለች፤ ያላመጣችም ትቀርባለች። «ያንቺስ የታል?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ማስታወቂያውን ሲያነቡ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ብለው ሳቁ። በማግስቱ ከከተማው ዳር፣ ከመልካ ጀብዱ የምትመላለስ አንዲት የስፌት ሠራተኛ ከጓደኛዋ ሳህን ስትበላ ተያዘች። የሳህኑ ባለቤት በማስጠንቀቂያ ታለፈች፤ ተጠግታ የበላችው ግን ለሌላው መቀጣጫ እንድትሰናበት ተወሰነ።

ኃላፊዋ የስንብት ደብዳቤውን እንድታዘጋጅ ታዘዘች። መጀመሪያ ወደ ልጅቷ ሄዳ አነጋገረቻት። ከዚያ እኔን አስከትላ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«አቦ፣ ይቺን ልጅ ለብቻሽ ብዪ አልካት። ለብቻዋ ምኑን ትብላ? ምሳ የላትም እኮ!»

«ደንብ ነው። ነገ አንዷ ታማ ብትከሰን ተጠያቂው እኔ ነኝ» አላት።

«ዳኛ ፊት ቆመህ ምን ልትል ነው? ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ? ውኃስ ነበራቸው ወይ ሲልህ? ክስ ከፈራህ ውኃ አምጣ፣ ሰው አብላ። ሁሉም የየራሷ ሳህን ካላት ማን ከማን ይጋራል? የለም፣ ስንብት ነው የምፈልገው ካልክ ከኔ ጀምር።»

ኃላፊዋ አሮጊት እናቷን የምትጦረው በዚያ ደመወዝ እንደሆነ ስለማውቅ እጅጌዋን ጎተት አደረግኩ። ሥራ አስኪያጁ ጠበቃው ጋ ደወለ። ብዙ አዳመጠ፣ ጥቂት ተናገረ። ስልኩን ዘግቶ «እሺ፣ ይሞከር። ልጅቷም ትቆይ» አለ።

ብዙም ሳይቆይ የውኃ ቦቴ መጣ፤ አብሳይ ተቀጥራ ሩዝና ወጥ በየሳህኑ መታደል ጀመረ። አቤቱታ ይዘው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሊሄዱ ሲመክሩ የነበሩት ሴቶችም ነገሩን ተዉት። ክብሩ የተጠበቀለት ሰው ፍርድ ቤት ምን ይወስደዋል?

ምሳው በተጀመረበት ቀን ሥራ አስኪያጁ ሊያይ መጥቶ በሩ ላይ ከኃላፊዋ አጠገብ ቆመ። ያቺ ልጅ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ሁለት ሦስት ማንኪያ ቀምሳ የቀረውን በፌስታል ስትቋጥር አያት።

«ምነው፣ አልጣፈጣትም?» አለ።

«ልጆች አሏት» አለችው ኃላፊዋ።

ወደ አብሳይዋም ዞረች።

«ከነገ ጀምሮ ለሷ ሁለት ሳህን አድርጊላት። አንዱን ግን እዚሁ፣ እያየኋት ትበላለች።»