በጓደኛዬ ከንፈር የዘፈንኩት

ዘፈኑን የጻፈው እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው እስከ ዛሬ የኔ ይመስለዋል።

ጭሮ ውስጥ የሚዲያ ትምህርት በምንማርበት በመጨረሻው ዓመት መምህራችን በየቡድኑ ከፍሎን የሙዚቃ ቪዲዮ እንድንሠራ አዘዘን። መጀመሪያ ቪዲዮውን እንሠራለን፤ ቀጥለን ከትምህርት ቤቱ ውጭ ላሉ ሰዎች አሳይተን አስተያየታቸውን እንቀዳለን፤ ከዚያ ሁሉንም ይዘን ክፍል ውስጥ እንገማገማለን። «እናንተ ስለወደዳችሁት ብቻ ጥሩ ሥራ አይሆንም፤ ሂዱና ለሚመለከተው ሰው አሳዩት» አለን።

እኛ ሦስት ነበርን። አንዷ ካሜራ የምትይዘውና የምታቀናብረው ልጅ ናት፤ ቁጥብ፣ የጀመረችውን ሳትጨርስ ምሳ የማትበላ። ሁለተኛው ጓደኛዬ ነው፤ የቦርደዴ ልጅ። እናቱ መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሻይና ፓስቲ እየሸጡ ብቻቸውን ነው ያሳደጉት። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የጭሮ ልጅ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ስዘምር ያደግኩ። ኦሮምኛ እናገራለሁ፤ ግን ገበያ ላይ የሚያከራክርና ከሰፈር ልጅ ጋር የሚያጫውት ያህል ነው። ለዘፈን የሚበቃ መሆኑን ጠይቄ አላውቅም።

ዘፈኑን መጀመሪያ የሰማነው ከትምህርት ስንመለስ ዳገቱን እየወጣን ነው። ምን እንሥራ እያልን ስንጨቃጨቅ ጓደኛዬ መሬት መሬት እያየ «እኔ አንድ ነገር አለኝ» አለና በቀጭን ድምፅ ጀመረ። ስለ እናቱ ነው። ስንኙ አማርኛ ነው፤ «መንገዱ ሁሉን ወሰደ፣ አንቺን ብቻ ተወልኝ» የሚል ቦታ አለው። አዝማቹ ደግሞ ኦሮምኛ ሆኖ «ሀዻ ቲያ»፣ እናቴ፣ እያለ ይመላለሳል። ከጎናችን ባጃጆች እየተንጫጩ ያልፉ ነበር፤ እኛ ግን ጆሯችንን ወደ እሱ አስጠግተን ሄድን። ሲጨርስ ልጅቷ «በቃ፣ ይሄ ነው» አለች።

ድምፁን የቀዳነው ከአንድ ፎቶ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ነው። ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን ተለብጧል፤ ኪቦርዱንም ኮምፒውተሩንም የሚሠራው ባለቤቱ ራሱ ነው። ጓደኛዬ ማይክ ፊት ሲቆም ያ ዳገቱ ላይ የሰማነው ድምፅ ጠፋ። ጉሮሮው ደረቀ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ዜማው ይወርድበታል። ውኃ ጠጣ፤ ውጭ ወጥቶ ተመለሰ፤ እንደገና ሞከረ። ባለ ስቱዲዮው በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና «አንተ አንዴ ዝፈንለት፤ እሱ በጆሮው እየሰማ ይከተልሃል» አለኝ።

መንገድ ለማሳየት የሚዘፈን ዘፈን ደረቅ ያለ ቢሆን ይበቃል። ዜማውን ማሳየት ብቻ ነበር የኔ ሥራ። እኔ ግን አስጌጥኩት። ከልጅነቴ የተማርኩትን ማንሳትና መጣል፣ ማስረዘምና መስበር፣ ሁሉንም አፈሰስኩበት። የጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ድምፄ ከኔ የገዘፈ ሆኖ ይመለስልኝ ነበር፤ ደስ አለኝ። ስጨርስ ባለ ስቱዲዮው በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ሲሞክር የሱ ድምፅ ከበፊቱም ያነሰ መሰለ። ያሳነሰው ማን እንደሆነ ያን ጊዜም ገብቶኛል። ትንሽ እንደሞከረ መብራት ጠፋና ተነስተን ወጣን።

በማግስቱ ጉሮሮው ተዘጋ። የማስረከቢያው ቀን እየቀረበ ነበር፤ ስቱዲዮውም ሌላ ቀጠሮ ነበረው። ሦስታችን ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆመን ሳለ ጓደኛዬ ማንንም ሳያይ፣

«የተቀዳው ያንተ ድምፅ ይግባ» አለኝ። «እኔ አፌን አንቀሳቅሳለሁ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ተመለከተች። የኔ ቃል ነበር የቀረው። ጉሮሮህ ይሻልሃል፣ መምህሩን ቀን እንለምነው፣ ወይም እዚያው ዳገት ላይ በስልክ እንቅዳህ ማለት እችል ነበር። «አንተ ካልክ እሺ» አልኩት። ፊቴ ላይ የመጣውን እንዳያዩብኝ የጫማዬ ማሰሪያ የላላ አስመስዬ አጎነበስኩ።

ቀረጻው ብዙ ቀን ፈጀ። ገበያው ውስጥ፣ የጫት መጫኛው አጠገብ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ጠርዝ ላይ አቆምነው። የሚከብደው የከንፈሩ ነገር ነበር። ልጅቷ በየመሀሉ «ዘገየህ» ወይም «ቀደምክ» ትለዋለች። በኋላ ጓደኛዬ ዘዴ አገኘ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እኔ የምተነፍስበትን ቦታ አጠና። ግጥሙን የጻፈው እሱ፣ ዜማውን ያወጣው እሱ፣ ታዲያ የት የት ላይ እንደምተነፍስ ቁጭ ብሎ ሲያጠና ከኋላው ሆኜ አየሁት። ውኃ ላምጣልህ ብዬ ሄድኩ።

ቪዲዮው ሲያልቅ አማረ። መጨረሻ ላይ የሚወርደው ጽሑፍ ጋ ስንደርስ ልጅቷ በድምፅ ቦታ የማንን ስም ልጻፍ ብላ ጠየቀች። ጓደኛዬ የራሱን ስም እንድትጽፍ ነገራት፤ እናቱ ጽሑፉን በሰው እንደሚያስነብቡ ያውቃል። እኔም አልተቃወምኩም።

ለተመልካች አስተያየት ቦርደዴ እንሂድ ያለው እሱ ነው። በሚኒባስ ወርደን ሚኤሶን አለፍን፣ አሰቦትን አለፍን፤ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ከመድረሳችን በፊት ጓደኛዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ለአዮ እንዳልነግራት ለመነኝ። እናቱን «አዮ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። አልነግርም አልኩት።

እናቱ ሥራቸውን ለጎረቤት ትተው ቤት ጠበቁን። ቀጠን ያሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚራመዱ ሴት ናቸው። አሰላሙ ዓለይኩም ብለው ተቀበሉን፤ ለእኔና ለልጅቷ ደግሞ በአማርኛ ደኅና ናችሁ ልጆቼ ብለው ደገሙልን። የኔን እጅ ይዘው ስለ ቤተሰቦቼ ጠየቁኝ፤ እኔም እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ ረዘም አድርጌ መለስኩ። ጎረቤቶች መጡ። ልጅቷ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አስቀመጠች፤ ድምፅ ማጉያ አገናኘችለት።

ዘፈኑን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እዚያ ቤት ግን እንደ አዲስ ሰማሁት። ቤቱ ሙሉ ሰው ሲያወራ የቆየው በኦሮምኛ ነው። አዝማቹ ሲመጣ የኔን «ሀዻ» ሰማሁ። ያቺ ወደ ውስጥ የምትሳበው ፊደል አፌ ውስጥ ተራ «ደ» ሆና ቀርታለች። እናቴ የሚለውን ቃል በትክክል ሳልጠራ በጓደኛዬ አፍ ለእናቱ ልኬዋለሁ። ዞር ብዬ ጓደኛዬን አየሁት፤ እሱ እናቱን እያየ ነበር።

ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ፤ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። እናቱ ወደ ላፕቶፑ ጠጋ አሉ። ድገሙልኝ አሉ፤ ተደገመ። ልጅቷ ስልኳን ለመቅጃ ከፍታ፣ ምን ተሰማዎት ብላ በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«ልጄ አምሮበታል፣ ማሻ አላህ» አሉ። ቀጥለው «የሚዘፍነውስ ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አዮ» አለ ጓደኛዬ።

እሱን አላዩትም። እኔን ነው ያዩኝ። «እውነት እሱ ነው ልጄ?»

«አዎ እናቴ፣ እሱ ነው» አልኩ።

«እሺ» አሉና ተነስተው ምግብ አቀረቡ። ለእኔና ለልጅቷ ለብቻ የምስር ወጥ ሠርተውልናል። ስጋ የለበትም፣ ድስቱም ለብቻ ነው፣ አትስጉ አሉን። ከዋዜማው አስበውበት ኖሯል። ያን ምስር እንዴት እንደዋጥኩት አላውቅም፤ ሳህኔ ባዶ በሆነ ቁጥር ደግሞ ይጨምሩልኝ ነበር።

ስንሰናበት ሌሎቹ ወደ መንገዱ ቀደሙ። እናቱ እጄን ይዘው አስቀሩኝ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ ተናገሩ።

«ድምፅህ ጥሩ ነው። አላህ ይጠብቅልህ» አሉኝ። «እሱ ከልጅነቱ ሰው ፊት ሲዘፍን ያፍራል። ለኔ ብቻ ነበር የሚዘፍነው። እንዳይከፋው፣ እኔ አልሰማሁም፤ አንተም አልነገርከኝም።»

ይቅር በሉኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ እሳቸው ግን ሂድ፣ መኪናው ያመልጥሃል ብለው ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። በሚኒባሱ ጓደኛዬ ደስ ብሎት ሲያወራ ነበር። አዮ አላወቀችም፣ አየህ አለኝ። አየሁ አልኩት።

ክፍል ውስጥ የግምገማው ቀን መጣ። የተማሪው አድናቆት ሁሉ ድምፁ ላይ አረፈ። ይህን ድምፅ የት ደብቀኸው ነበር እያሉ ጓደኛዬን ጠየቁት፤ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ከዚያ ልጅቷ የተመልካች አስተያየት አሰማች። የእናቱ ድምፅ ከስልኳ ወጣ፤ «የሚዘፍነውስ ማነው?» ብሎ ከመልሱ በፊት ተቆረጠ። ክፍሉ ሳቀ። እናት እንኳ የልጇን ድምፅ እስክትስት ድረስ ዘፍኗል ብለው ነው የተረዱት። መምህሩ ግን አልሳቀም። የሰማሁት መልስ ይጎድለዋል፣ ማነው የዘፈነው ብሎ ጠየቀ።

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ለምን እንደተነሳሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እናቱ ፊት የዋሸሁት ውሸት ከብዶኝ ነው እላለሁ። ግን ያ ሁሉ አድናቆት ወደ እኔ ሳይመጣ ሲያልፍ እያየሁ መቀመጥም ከብዶኝ እንደነበር አውቃለሁ። የቱ እንዳስነሳኝ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ጓደኛዬን አስቀድሜ አልጠየቅኩትም፤ በዓይኔ እንኳ አላየሁትም።

መምህሩ አልተቆጣም። ተመልካቿ የደበቃችሁትን አግኝታባችኋለች፣ ጽሑፉን አስተካክላችሁ አምጡ አለ። ይህን ብሎ ቢተወኝ ደግ ነበር። ከኋላ ያሉ ልጆች ግን ይዝፈንልን አሉ፤ መምህሩም እስቲ አዝማቹን አሰማን አለኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። ዘፈንኩ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ጓደኛዬም አጨበጨበ፤ ከሁሉ ዘግይቶ የጨረሰውም እሱ ነው።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኩት። አልተጣላኝም። «ብትነግረኝ ኖሮ እኔው እናገር ነበር» አለኝ ብቻ። ከዚያ ቀን በኋላም ሻይ አብረን ጠጥተናል፣ ለፈተና አብረን አጥንተናል። ዳገቱን ስንወጣ ግን አንገቱን ደፍቶ የሚጀምረው ዘፈን አልነበረም።

ከተመረቅን ወዲህ እሱ ወደ ቦርደዴ ተመልሶ አነስተኛ የስልክ መጠገኛ ከፍቷል። እኔ ጭሮ በሠርግና በበዓል ዝግጅት ላይ ድምፅ ማጉያ አከራያለሁ፤ ሲጠሩኝም እዘፍናለሁ። ባለፈው ክረምት ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ገበያው አጠገብ ተገናኘን። ስናወራ ቆይተን፣ የቆየ ነገር ከሆዴ ወጣ። ስቱዲዮ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ና እንደገና በራስህ ድምፅ እንቅዳው፣ ልጅቷም ታቀናብረዋለች አልኩት።

ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ።

«ተወው፤ አዮ ቪዲዮውን ስልኳ ላይ አስጭናለች፤ ሻይ ቤቱ ጭር ሲል ታየዋለች» አለ። «ድምፁን ታጠፋዋለች። ለምን ስላት ስክሪኑ ላይ ከንፈሬን በጣቷ ታሳየኛለች።»

እናቱ በር ላይ ያሉኝን እስከዚያች ሰዓት አልነገርኩትም ነበር፤ ያን ጊዜም አልነገርኩትም። እሱ ዕቃውን ባጃጅ ላይ እየጫነ ስለ ዝናቡ ያወራ ጀመር፤ ዘንድሮ እነሱ ጋ ቀርቷል አለ። ካርቶኖቹ እንዳይወድቁ ከኋላ ሆኜ ያዝኩለት፤ ባጃጁ ተነስቶ ቁልቁል ወረደ።