የጥሩነሽን ጥርስ ለማሳየት፤ ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ደርሶ መልስ

ከይጁቤ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። እህቴ ጥሩነሽ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። የምንሄደው ደብረ ማርቆስ፣ ጣሊያን የከፈተው ሐኪም ቤት ነው። ድዷ አብጦ ይደማል፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ይነቃነቃሉ።

ታላቅ ወንድማችን ዓለሙ በክረምቱ የሞተው ከጥርስ በተነሣ ሕመም ነው። መንጋጋው ሲያብጥ «ጣሊያን ዘንድ አልሄድም» አለ። እናታችንም እውነቱን ነው ብላ ምስማር አግላ ድዱን ተኮሰችው። እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን... መጻፍ አልቻልኩም።

ለጥሩነሽ ደግሞ እናቴ ነቃሽ ጠርታለች። በእኛ አገር የሴት ልጅ ድድ በመርፌ እየተወጋ ጥላሸት ይቀባል። ለውበት ነው፤ የሚደማ ድድም ያጠነክራል፣ ጥርስ ያስይዛል ይባላል። ያበጠ ድድ ላይ መርፌ! ዓለሙን አሰብኩና በቅሎዋን ጫንኩ። እናቴ «ነቃሿ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሳትደርስ መልሳት» ብላ ለቀቀችን።

መንገዱ

ጤፉ ቢጫ ሆኖ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። ወንዙ ጎድሎ በቅሎዋን እስከ ጉልበቷ ብቻ ነካት። ዛፍ ጥላ ሥር ቆሎ አወጣሁ፤ ጥሩነሽ አንዷን ፍሬ ነክሳ ፊቷን አዞረች። ለእሷ በሶ በጠበጥኩላት።

ከመንገድ ዳር ካለ ቤት አንዲት ሴት በቅል አሬራ ይዛ መጣች።

«ጠጪ የኔ ልጅ። እኔም ከአሬራ ሌላ ወዳጅ የለኝም» ብላ ሣቀች። አፏ ባዶ ነው። አርባ ዓመት የሞላት አትመስልም።

ጥሩነሽ ጠጥታ አመሰገነች። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ፣ «ወንድምዓለም፣ ጥርሶቿን ማን ነቀላቸው?» አለችኝ።

«ራሳቸው ወልቀው ይሆናል።»

ነጠላዋን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነች።

ኬላው

ከተማው መግቢያ ላይ ዘበኛው አስቆመን። ጥሩነሽ ፊቷን በነጠላ ሸፍናለች።

«ግለጪ! ምን ደብቀሻል?»

ገለጠችና አፏን ከፍታ አሳየችው። ዘበኛው ወደ ኋላ አለ። «በሉ እለፉ፣ እለፉ!»

ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ሣቅን።

ሐኪም ቤት

ከዘመድ ቤት አድረን ጠዋት ተሰለፍን። ሐኪሙ ጣሊያን ነው፤ አስተርጓሚው የሐማሴን ሰው።

«ሲደማ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት አስተርጓሚው።

«አልነካውም። መፋቂያም አላስጠጋ።»

«ይኸውልሽ! ስላልነካሽው እኮ ነው የሚደማው።»

ሐኪሙ በቀጭን ብረት ከጥርሶቿ ሥር እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቆሻሻ ፋቀ። ጥርስን ከድድ የሚያላቅቀው እሱ ነው አለ። አንድ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ አደንዝዞ ነቀለ። የፊቶቹን ግን አልነካቸውም።

የወይራ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ እንዲለሰልስ፣ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ ተብሎ እንዲፋቅ፣ ጠዋትና ማታ፤ ከዚያም ፍል ውሃ ለብ ሲል ጨው ጨምሮ መጉመጥመጥ። ይህን ሁሉ በራሷ እጅ አሠራት።

«መጀመሪያ ይደማል» አለ አስተርጓሚው። «እንዳትፈሪ፣ እንዳትተዪው። የፊቶቹን ከጠበቅሻቸው ሊጸኑ ይችላሉ። ከወለቁ ግን ሐኪሙም አይመልሳቸው።»

ልንወጣ ስንል የዓለሙን ነገር ጠየቅሁ። ሁለት ጊዜ ጀመርኩት። አስተርጓሚው መልሱን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ።

«ማበጥ እንደ ጀመረ ቢመጣ ጥርሱን ነቅሎ መግሉን ያፈስለት ነበር። ይድን ነበር ይላል።»

ቤት

ቅዳሜ ስንደርስ ነቃሿ እትዬ ብርቄ መርፌዎቿን በክር አስራ፣ ጥላሸቱን በገል በጥብጣ ተቀምጣለች።

«በይ ተቀመጪ» አለች እናቴ።

«አልነቀስም፣ እማዬ።» ጥሩነሽ የተማረችውን ነገረቻት።

«የሚደማን ድድ እየፈተጉ!» ብላ እትዬ ብርቄ ሣቀች። «ጣሊያን ጥርሳችንንም ሊጨርሰው ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አንተም አመንክ?»

ያን ቃል ልነግራት አልፈልግም ነበር። ግን ጥላሸቱ ተዘጋጅቷል።

«እማዬ... ዓለሙ፣ ቶሎ ቢሄድ፣ ይድን ነበር አሉ።»

እናቴ ዞራ መርፌዎቹን አየች። ከዚያ «የተኮስኩት እኔ ነኝ» አለች።

«እሱም አልሄድም ብሎ ነበር፣ እማዬ።»

«ብርቄ፣ መርፌሽን ሰብስቢ» አለችና ውሃ እሳት ላይ ጣደች።

ይህን የጻፍኩት ጣሊያንን ወድጄ አይደለም። ድዱ ሲደማ መፋቂያውን የሚጥል፣ መንጋጋው ሲያብጥ ብረት የሚያግል ሰው በየቤቱ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ጥርስ የሚወልቀው በአንድ ቀን አይደለም፤ ለመጠበቅ ጊዜ አለ። ለወንድሜም ጊዜ ነበረ።

በማግስቱ ጠዋት ጥሩነሽ ደጅ ላይ ስትፋቅ እናቴ የጨው ውሃውን ይዛ አጠገቧ ቆመች። ደሙ ሲታይ ጎንበስ ብላ አየችው። «ተዪው» ግን አላለችም።