የእትዬ አየለች የደጋ ቡና

ባለፈው ሳምንት ቃሊቲ፣ ቡና ከምንለቅምበት መጋዘን አንድ ጆንያ ሲፈታ የሎሚ ልጣጭ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ገና እሳት ያላየ ጥሬ ቡና ነው። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ጨዋታቸውን አላቋረጡም። እኔ ግን እጄን ጆንያው ላይ እንዳሳረፍኩ ቀረሁ። አቃቂ በሰቃ፣ እትዬ አየለች ደጃፍ ላይ፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ሰፌድ ፊት የተቀመጥኩ መሰለኝ።

እትዬ አየለች በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምንለያይ ጎረቤታችን ነበሩ። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ሊቶሪናው ባቡር ሲያፏጭ የያዙትን ሁሉ አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር። የተወለዱት ሲዳሞ ውስጥ፣ ረፋድ ካልሆነ ጉሙ በማይነሳበት ደጋ ነው። አባታቸው እዚያ ከእንሰቱ መሀል ቡና ተክለው አልፈዋል።

“የቆላው ተለቅሞ ሲያልቅ የእኛ ገና መቅላቱ ነው፤ ብርዱ ቀስ አድርጎ ነው የሚያሳድገው” ይሉኝ ነበር።

ከተዳሩ ወዲህ አገራቸውን አላዩም። ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ሽፈራው በዓመት አንዴ ከዚያ ማሳ ጥቂት ቡና ያመጡላቸዋል፤ የአገራቸው ነገር በእጃቸው የሚገባው ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

እኔ ዓይን አፋር ነበርኩ። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ “አቤት” ማለት አቅቶኝ ተቀምጬ ቀሪ የምባል ልጅ ነኝ። እትዬ አየለች ግን ተናገሪ ብለውኝ አያውቁም። ሰፌዱን መሀላችን አድርገው በራሽን የተገዛውን የቀበሌ ሱቅ ቡናና የአገራቸውን ጎን ለጎን ያፈሱልኛል። የቀበሌው የቆላ ቡና ገርጣ ያለና ሰፊ ነው፤ በሆዱ ያለው ስንጥቅ ተከፍቷል። የሳቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ትንሽ፣ ስንጥቁ እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ። ሰፌዱን ሲነቀንቁት እንደ ጠጠር ይንኳኳል። ዓይን ያልለየውን በጥርስ ይሞክሩታል፤ የቆላው ይሰበራል፣ የደጋው አይበገርም። እኔም ከሳቸው እያየሁ እለቅማለሁ። ሁለታችንም ዝም እንዳልን ይመሻል።

አንድ መጋቢት ጋሼ ሽፈራው እንደ ልማዳቸው መጡ። ያን ጊዜ ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ አስቸጋሪ ነበር። ፈታሾቹ እንዳያገኙባቸው ቡናውን ቆጮ መሀል ቀብረው፣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው ነበር ያመጡት። ቡና ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይስባል። እትዬ አየለች ቆልተው አፈሉና አንድ ጊዜ ፉት ብለው ሲኒውን መልሰው አስቀመጡ።

“ሽፌ፣ ይሄ እኮ ቆጮ ነው!”

“ኬላውን አልፏል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?” ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። “ካነሳሽው ልንገርሽ፣ እታለም። በልጉ ሳይገባ ልነቅለው ነው። ገብስ እዘራበታለሁ።”

“የአባባን ቡና?”

“ለገበሬ ማኅበሩ አስረክባለሁ፤ እነሱ ከቆላው ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ ይገለብጡታል። ከተደባለቀ በኋላ ማን ይለየዋል? ቡና ቡና ነው።”

እትዬ አየለች ሲኒውን አዩት። ቅመሰውና ፍረድ እንዳይሏቸው የሚቀምሱት ቆጮ ቆጮ ይላል። ተነሡና ከተረፈው ጥሬ ቡና አንድ እፍኝ፣ ከቀበሌው ቡና አንድ እፍኝ ሰፌዱ ላይ ደባልቀው አሹት። እኔን ከበሩ ሥር ጠርተው ፊቴ አስቀመጡልኝ።

“ይቺ ልጅ ከለየችው አትነቅልም።”

“ይቺ? ስሟን ስጠይቃት ግድግዳ ውስጥ ልትገባ የደረሰችው?”

“በምላሷ መች ትለቅማለች” አሉ እትዬ አየለች።

ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ተነፋ፤ ሠራተኞቹ በደጃችን እያወሩ አለፉ፤ እኔ አንገቴን አላቀናሁም። ስጨርስ ሰፌዱ ላይ ሁለት ክምር ነበር። ጋሼ ሽፈራው ጎንበስ ብለው ከደጋው ክምር አንዲት ፍሬ መዘዙ። ከሌሎቹ ተለቅ ትላለች።

“ይቺማ የቆላ ናት! በቃ፣ ተሳስታለች።”

እትዬ አየለች የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ሲጠመዝዙት አየሁ። ፍሬዋ የሳቸው መሆኗን አውቃለሁ፤ ነክሼ ነው ያስቀመጥኳት።

“ይንከሷት” አልኩ።

“ምን አለች?”

“ይንከሷት።”

ነከሷት። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማና ጋሼ ሽፈራው ጉንጫቸውን ይዘው ብድግ አሉ። “ኧረ ጥርሴን አወለቀችው!” እትዬ አየለች እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ፍሬዋ ግን አልተሰበረችም። ጋሼ ሽፈራው ከአፋቸው አውጥተው በጥፍራቸው ጫሯት፤ ከዚያ ክምሩን መዳፋቸው ላይ አፍሰው እያገላበጡ አዩት። በማግስቱ ሲሄዱ ተውኩት አላሉም፤ እነቅላለሁም አላሉም።

በዚያው ክረምት የእትዬ አየለች ባለቤት ወደ ድሬዳዋ ተዛወሩ። ጣቢያው ድረስ ሸኘናቸው። ባቡሩ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው አገጬን ያዙኝና “ሽፌ ወደናንተ ብቅ ካለ፣ የአባባን ቡና ጠይቂልኝ” አሉኝ። ለእናቴ ሳይሆን ለእኔ ነው ያሉት።

በተከታዩ መጋቢት በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ሽፈራው ነበሩ። እናቴ ወንበር ስታቀርብላቸው፣ ውሃ ስትሰጣቸው፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ስትጠይቃቸው ቆየች። እኔ ጥግ ይዤ ጥያቄዬን በልቤ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሊሄዱ ሲነሡ በሩ ላይ ቆምኩ።

“ቡናው… አለ?”

ቁልቁል አዩኝ። ጉንጫቸውን ያዝ አደረጉና ፈገግ አሉ።

“አብቦ ነው ትቼው የመጣሁት” አሉኝ።

“አበባው ምን ይመስላል?”

“ነጭ ነው። ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል።”

በዚያ ሳምንት ከደብተሬ ገጽ ቀድጄ ለእትዬ አየለች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። የአባትዎ ቡና አልተነቀለም፣ አብቧል፣ አበባው ነጭ ነው አልኩ። እሳቸው የአበባውን ነጭነት ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁት ትዝ ያለኝ ፖስታውን ከላክሁት በኋላ ነው።