ቀይ ያልበራው ቤት

የዳሩ ጋይ ሰው ማሬም ንጃይን የሚያውቃት በጣቶቿና በምላሷ ነው። ጣቶቿ ጠጉር ይሠራሉ። የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ ጉልበቷ ሥር ተቀምጣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ማሬም ሹሩባ ስትጎነጉን ማዘን አታውቅማ። ምላሷን ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ይፈራዋል። ከሩቅ ሲያያት በሩን ከፍቶ ዞር ይላል።

ዳሩ ጋይ ከዳካር ወጣ ብሎ ረባዳ ላይ የተሠራ ሰፈር ነው። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ከላይም ከሥርም ይመጣል። ሰው በየዓመቱ በባልዲ ይቀዳል፣ ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ «ቦዩ በዕቅድ ተይዟል» ይላል። ባሏ ሌላ አግብቶ የሄደ ጊዜ ማሬም ያዘነችው ትንሽ ነው፤ ከዚያ ጉልበቷን ሁሉ ውሃው ላይ አዋለችው። ፓምፕ በመዋጮ አስገዛች፣ ጎረምሶቹን ከሻይ ማንቆርቆሪያቸው ሥር እየጎተተች በጎ ፈቃደኛ አደረገቻቸው። መጀመሪያ የሚጠራሩት በስልክ ቡድን ነበር። እሱም የጉድ ነበር። አንዱ «ቤቴ ሰጠመ!» ሲል ሌላው የጁምዓ መልካም ምኞት በአበባ አስጊጦ ይልካል፣ ሦስተኛዋ ካልሲ ትሸጣለች፣ የሰጠመው ሰው እዚያው ወሬ መሀል ዳግመኛ ይሰጥማል።

በኋላ የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጡና ንዲምባልን ሠሩላቸው። እርዳታ ማለት ነው። ስልክ ላይ የሚከፈት የሰፈሩ ካርታ ነው፤ ውሃ የገባበት ሰው ሲጫነው ቤቱ ላይ ቀይ ነጥብ ይበራል፣ ፈቃደኛ ሲነሳ ቢጫ ይሆናል፣ ውሃው ሲወጣ አረንጓዴ። ክረምቱ ሲያልቅ ነጥቦቹ ይሰበሰቡና ማዘጋጃ ቤቱ ፊት ይዘረጋሉ። «ይኸው፣ ይህ ሁሉ ቤት ነው፤ ቦዩን ቆፍሩ» ይባላል። የካርታው ቁልፍ በአስተባባሪዎቹ እጅ ነው፤ ዋናዋ ማሬም ናት። ቁልፍ የያዘ ሰው በጥሪ የሚቀልደውን ከካርታው ሊዘጋው ይችላል። የተዘጋው ሰው ግን መዘጋቱን አያውቅም። ስልኩ እንደወትሮው «ጥሪዎ ደርሷል» ይለዋል። ልጆቹ እንዲህ ያደረጉት የተዘጋ ሁሉ በር ድረስ መጥቶ እንዳይጣላ ብለው ነው፤ ብልሃት መስሏቸው ነበር።

አንድ ሕግ ማሬም ራሷ አወጣች። በዝናብ ቀን ማንም እንዳይደውልላት። «ካርታው ላይ አብሩ። ስልክ አላነሳም፤ ለእናቴም አላነሳም» አለች። ሰዉም ሕጓን አከበረ።

ከሰፈሩ እጅግ ዝቅ ባለው ቦታ፣ ከመስጊዱ ፊት ለፊት፣ ፓ ማሳምባ ጆፕ፣ አባባ ማሳምባ እንደማለት፣ ይኖራል። ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ያይ ንጎኔ፣ እማማ ንጎኔ እንደማለት፣ ደረቷ ደካማ ነው፤ ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ናቸው። በጆፕ ዘርና በንጃይ ዘር መካከል ደግሞ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ የመሰዳደብ መብት አለ። ጆፕ ንጃይን ሆዳም ቢል፣ ንጃይ ጆፕን አሽከሬ ብትል ማንም አይቆጣም፤ የሚቆጣ ካለ እሱ ባለጌ ነው። ስለዚህ ማሬም በአባቷ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያለች ታዋርደዋለች፣ እሱም ይህን ሳይሰማ የዋለ ቀን ምግብ አይረጋለትም።

ሰማዩ ባጉረመረመ ቁጥር ቡድኑ ውስጥ ድምፁን ይልካል፦ «ሰዎች፣ ይህ ነጎድጓድ ነው ወይስ ማሬም ሩዝ እየዋጠች ነው?»

«ማን ነው የፈቀደልህ፣ አንተ አሽከር? ጫማዬን ጠርገህ ጨረስክ?»

«ጫማሽንማ ባለፈው ዓሣ መስሎሽ በልተሽዋል።»

ሰፈሩ በሁለቱ ይስቃል። ያይ ንጎኔ ከበስተኋላ ስትስቅና ስትስል በድምፁ ውስጥ ይሰማል።

ነገሩ የተበላሸው ከማዘጋጃ ቤት አንድ ባለሥልጣን ካርታውን ሊያይ የመጣ ዕለት ነው። ማሬም ምርጥ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ካርታው በሰፈሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ በትልቁ በርቷል፣ ውጭ ፀሐይ ድንጋይ ይሰነጥቃል። በዚህ መሀል ከመስጊዱ ፊት ለፊት ቀይ ነጥብ ቦግ አለ። ባለሥልጣኑ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ልጆቹ ከፈቱት።

«ቤቴ በአንዲት ንጃይ ተጥለቅልቋል። ሩዙን ጨረሰችው፤ አሁን ድስቱን ጀምራለች። ፓምፕ ይቅር፣ ማንኪያ የሚቀማ ሰው ላኩልኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ባለሥልጣኑ ነው። እንባውን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ማስረጃችሁ ይሄ ነው?» አለና ቦርሳውን አነሳ። ማሬም አብራ ሳቀች፤ ውስጧ ግን ተቃጠለ። ሳቋ ሳያባራ ስልኳን አውጥታ ፓ ማሳምባን ዘጋችው። ቡድኑ ላይም፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጆፕ ከካርታዬ ተሰዷል። ምሕረት የሚያገኘው የሰባ በግ ይዞ ሲመጣ ነው» ብላ ጻፈች።

ወዲያው ድምፁ መጣ፦ «ለንጃይ በግ ከሚሰጥ ጅብን እረኛ አድርጎ መቅጠር ይሻላል!»

ሰው ሁሉ የቃል ስደት ነው ብሎ ሳቀ። እሱም እንደዚያው መሰለው። ማሬም ግን የምር ዘግታዋለች። በልቧ እስከ ጁምዓ ድረስ ብቻ ነበር ያለችው። ጁምዓ ደረሰ፤ ያን ዕለት የሙሽራና የሚዜዎቿን ጠጉር ስትሠራ ዋለችና ረሳችው። በቃ፣ ረሳችው። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ለእሷም በቀለላት።

በማግስቱ ከቀትር ሶላት በፊት ሰማዩ ተቀደደ። ካርታው ላይ ቀዩ እንደ ኩፍኝ ወጣ። ማሬም ውሃው ጉልበቷ ደርሶ፣ ስልኳን በላስቲክ ጠቅልላ ጎረምሶቹን ታዛለች። «ሁለተኛው ፓምፕ ወደ ዳቦ ቤቱ! አንተ፣ ሕፃናቱን አስቀድም!» በዚህ መሀል ዓይኗ ወደ መስጊዱ ሄደ። እዚያ አካባቢ ሁሉ ቀልቷል፤ የፓ ማሳምባ ቤት ብቻ ምንም የለበትም። አልሃምዱሊላህ፣ ጆፕ ዘንድሮ ተረፈ፣ አለች በልቧ።

ፓምፑን የሚሸከመው አሊዩን ሳር፣ የመኪና ጎማ ሠራተኛው፣ ግን አልተዋጠለትም። «ማሬም፣ እነ ፓ ማሳምባ ጋ ብቅ ብንልስ? ቦታው ጉድጓድ እኮ ነው።»

«በርቷል?»

«አልበራም።»

«ካልበራ አንሄድም። የጮኸውን ትተን ዝም ያለውን ስንጎበኝ ልንውል ነው እንዴ? ሂድ ወደ ዳቦ ቤቱ!»

አሊዩን ሄደ። ውሃው የጎደለው በሁለተኛው ቀን ነው፤ ያኔ ያይ ንጎኔ ሐኪም ቤት መወሰዷ ተሰማ። አልጋዋ ላይ ውሃ ውስጥ ተቀምጣ ነበር አሉ። ብርዱ ደረቷ ገባ። ሳምንቱን አልጨረሰችም።

ማሬም መርዶውን ስትሰማ የሰው ጠጉር በእጇ ነበር። ያኔ ነው ጁምዓው ትዝ ያላት። የደንበኛዋን ሹሩባ ግማሹን እንደጎነጎነች ትታ ጓዳ ገባችና የተዘጉትን የሚያሳየውን ገጽ ከፈተች። የፓ ማሳምባ ስም እዚያ ነበረ፤ ከሥሩ ጥሪዎቹ። የመጀመሪያው፣ «ንጃይ፣ በግሽ እንዳይጠማው ውሃ ሞልቼለታለሁ፤ ነይ ውሰጂው» ይላል። ቀጥሎ፣ «ውሃው አልጋው ደርሷል።» የመጨረሻው፣ «ንጎኔ ትስላለች። እየጠበቅንሽ ነው።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው። ማሬም ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ጣቷ ራሱ አውቆ ሄደና እገዳውን አነሳው። ስሙ ወደ ደህናዎቹ ተመለሰ። ያንን ገጽ ከእሷ በቀር የሚከፍት የለም፤ ዝም ካለች ማንም አያውቅም።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ዳሱ ሞልቷል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ጆፕ ሲያዝን ንጃይ መጥታ ትሳደባለች፣ ሐዘንተኛውን በግድ ታስቀዋለች፣ ይህ ለሐዘን መድኃኒት ነው። ሰው ሁሉ የማሬምን አፍ ጠበቀ። እሷ ግን «አላህ ይማራት» ብላ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«ምነው፣ ምላስሽን ጎርፍ ወሰደው?» አለች አንዷ።

«ተዉአት» አለ ፓ ማሳምባ በሻከረ ድምፅ። «ሩዙ እስኪቀርብ ነው ዝም ያለችው።»

ዳሱ በእንባ መሀል ሳቀ። እሱም ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትሳቀቂ ልጄ። ከኛ የባሰበት ቤት ነበር፣ አውቃለሁ። ጎረቤቶች በር ነቅለው ንጎኔን በሱ ላይ ሊሸከሟት መጥተው ነበር እኮ። እኔ ነኝ የመለስኳቸው። ‹ሕፃን ያለበት ቤት ሂዱ፣ የኛ ጥሪ ደርሷል፣ ይኸው ስልኬ ይናገራል፤ ንጃይዋ ሩዝ ከሸተታት ዋኝታም ትመጣለች› አልኳቸው። ንጎኔ ስቃ ስቃ... እስክትስል ሳቀች።»

ሌሎች ለቀስተኞች ገቡ፤ ማሬም ተነሥታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ የሚያመሰግናት በዛ። «ባንቺ ካርታ ነው የተረፍነው» እያሉ እጇን ይስማሉ። ማዘጋጃ ቤቱም የዘንድሮውን ቀይ ብዛት አይቶ፣ ያ የሳቀው ባለሥልጣን ራሱ፣ ቦዩ ይቆፈራል አለ። ምስጋናው እንደ እሾህ ይወጋት ጀመር። ወደ ጎማ መሥሪያው ሄዳ ለአሊዩን ነገረችው።

አሊዩን የያዘውን ጎማ አሻሸ። «ዝም በይ» አላት። «ደረቷ ድሮም ደካማ ነበር። አሁን ይሄ ቢሰማ ካርታውን ማን ያምነዋል? ቦዩስ? ለሰፈሩ ስትይ ዋጪው።»

«አንተ ብቅ እንበል ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬ ነበር» አለ።

በስምንተኛው ቀን ቁርዓን ተቀርቶ ሰዉ ሲበተን፣ ማሬም ወደ ኋላ ቀረች። ፓ ማሳምባ ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ውሃው የደረሰበት መስመር ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ ይታያል። ሊሰድባት ፈገግ አለ።

«ቆይ፣ ፓ ማሳምባ። ጥሪህ አልደረሰኝም። ያን ጊዜ ተሰደሃል ያልኩህ የቀልድ አልነበረም። የምር ዘግቼህ ነበር። እስከ ጁምዓ ብዬ ነበር፤ ረሳሁት። ስልክህ ደርሷል ያለህ ውሸቱን ነው። ያይ ንጎኔን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

የሻይ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «ቀይ አልበራም?»

«አልበራም።»

«ታዲያ እኔ ማንን ነበር የምጠብቀው?»

ማሬም እንዲጮህባት፣ በዱላው እንዲላት፣ ሰው እንዲሰበስብባት ለመነችው። እሱ ግን ዱላውን ተደግፎ ተነሣና በሩን ከፈተላት።

«ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ማሬም» አለ። «ለሰው አልናገርም። ቦዩ ይቆፈር።»

በዚያ ሁሉ ዓመት እንዲህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። እንደ ባዳ፣ እንደ ቢሮ ሰው። ማሬም መንገድ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሰውም የምታለቅሰው ለያይ ንጎኔ መሰለው።

ቡድኑ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። ሰማዩ አጉረመረመ፤ ነጎድጓድ ነው ወይስ ማሬም ናት ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ዳግመኛ ዝናብ በጣለ ዕለት ግን ከመስጊዱ ፊት ለፊት ቀይ ነጥብ በራ። ማሬም ከፈተችው።

«ውሃ ገብቷል። ሲመቻችሁ።»

ሌላ ቀይ ሳታይ ሮጠች፤ አሊዩን ፓምፑን ተሸክሞ ከኋላዋ። ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ቁርጭምጭሚቱን ውሃ ውጦት ቆሟል። ማሬም ትንፋሿን ሰብስባ፣ የድሮ ድምፅዋን ፈልጋ፣ «የት አለ ሩዜ፣ አንተ ስስታም ጆፕ!» ብላ ጮኸች።

ፓ ማሳምባ ወደ ጎን ቆሞ መንገድ ለቀቀላት። «ሩዝ የለም፣ ወይዘሮ ማሬም። የምትቀቅለው የለችም። ይግቡ፣ ወለሉ እንዳያዳልጥዎት።»

ገባች። የፓምፑን ገመድ ራሷ ሳበች፣ ውሃው እስኪያልቅ አጎንብሳ ጠረገች። ነጥቡ አረንጓዴ ሲሆን አሊዩን ቀጣዩን ቤት ጠራ። እሷ ግን ደጃፉ ላይ ቆየች፤ አንዲት ስድብ፣ ትንሽም ብትሆን፣ እየጠበቀች። እሱ አመሰገናትና በሩን በቀስታ ዘጋው።