የጳጉሜን አምስት ቀን

ባለቤቴን ሌባ ያሉት ሰው ዛሬም በሸዋ ሮቢት ዋና መንገድ ይሄዳሉ። ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ደስ ይለኛል።

ባለቤቴ የሆቴላቸው ዘበኛ ነበር፤ የምንኖረውም ከጀርባ በሰጡን አንዲት ክፍል ነበር። ሆቴሉ ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከጣርማ በር ቁልቁል የወረደ ሹፌር ሙቀቱ ሲቀበለው ቬንትሌተር ያለው ክፍል የሚጠይቀው እዚያ ነው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ትልልቅ ሕንፃዎች በየወሩ የፈጁትን መብራት እየመዘገቡ እንዲያሳውቁ ደንብ ሲያወጣ፣ ሥራው ለባለቤቴ ተሰጠ። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ከሚካኤል ሲመለስ፣ ነጠላውን እንዳጣፋ ቆጣሪው ሥር ቆሞ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋል፤ ከዚያ ቅጹ ላይ ይገለብጣል። ሌሎቹ ሆቴሎች ቁጭ ብለው በግምት እንደሚሞሉ ያውቅ ነበር። "እኔ ዓይን አለኝ" ይላል።

ሪፖርቱ በየሦስት ወሩ በጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ፣ ባለሆቴሎቹ ሁሉ ባሉበት ይገመገማል። አንድ ኅዳር፣ አዲስ የመጣው ኃላፊ ባለሆቴሉን "የእርስዎ መስከረም ላይ ለምን ዘለለ? የሌሎቹ እኩል ነው" አላቸው። እሳቸውም በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ባለቤቴ በከዘራቸው አመለከቱ።

"ይኸ ሌባ ከኋላ ያለችው ክፍሉ ድረስ ሽቦ ስቦ ነዋ! እሷንም ሆቴል አደረጋት!"

አዳራሹ ሳቀ። ባለቤቴ ባርኔጣውን አውልቆ ያዘ። በሳምንቱ ከዚያች ክፍል አስወጡን። ጥር ላይ ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ለቅሶው ላይ እንኳ አንዷ "የሽቦው ነገር እውነት ነው እንዴ?" ስትል ሰማሁ።

ከአርባው በኋላ ደብተሩን ማንበብ ጀመርኩ። የእጅ ጽሑፉን ሳይ ስለማለቅስ በቀን ከአንድ ገጽ አላልፍም። ቁጥሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይዘላል። ወደዚያች ክፍል ሳንገባ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ተከራይተን በኖርንባቸው ዓመታትም ዘሏል። ወንዝ አሻግሮ ሽቦ ሊስብ ነው? በጣቴ ቆጠርኩ። ከነሐሴ አሥራ ሁለት እስከ መስከረም አሥራ ሁለት ሠላሳ ቀን አይደለም፤ ሠላሳ አምስት ነው። ቅጹ ላይ ግን አሥራ ሁለት መስመር ብቻ አለ፤ ጳጉሜን ቦታ የላትም። ደመወዝ ስለማይከፈልባት ማንም አይቆጥራትም። በየዓመቱ ሰውን አምስት ቀን በነፃ የሚያሠሩ ጌታ፣ በእነዚያው ቀናት ፍሪጃቸው መብራት እንደሚበላ ረሱ።

ወዲያው አልተናገርኩም። ብናገር ሐዘን አናውዟት ነው ይሉኝ ነበር። መስከረምን ጠበቅኩ፤ እኛ የሌለንበትን፣ ክፍሏ ባዶዋን የተዘጋችበትን መስከረም። አዲሱ ዘበኛም በአሥራ ሁለት እንደሚያነብ አጣራሁ። ሠርጌን እንኳ እንደዚያ አልጠበቅኩም።

ኅዳር ላይ ጥቁሬን እንደለበስኩ አዳራሹ ገባሁ። የሆቴሉ ሪፖርት ተነበበ። መስከረም ዘሏል። ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ ዘንድሮስ ማን ሰረቀዎት? ሟቹ ከመቃብር ሽቦ ሳበ?"

"እትዬ፣ ተራ ይያዙ እንጂ" አለኝ ኃላፊው።

"ተራዬ ነው፤ ዓመት ጠብቄዋለሁ።"

ደብተሩን ፊቱ ዘርግቼ አምስቱን ቀን አስቆጠርኩት። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረና "የእናንተስ ጳጉሜን የት ገባ?" ሲል፣ በግምት የሞሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

በሳምንቱ ባለሆቴሉ ሽማግሌ ላኩብኝ።

"እቤትሽ መጥተው ይቅርታ ይጠይቁሽ" አሉኝ።

"የሰደቡት አዳራሽ ነው። እዚያው ይናገሩ።"

የካቲት ላይ በዚያው አዳራሽ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "ሟቹ ሌባ አልነበረም" አሉ በቀጭኑ።

"አልተሰማም" አልኩ ከኋላ ሆኜ።

ደገሙት።

"አሁንም አልተሰማም።"

ሦስተኛውን ጮኸው ተናገሩ፤ ውጭ የቆመ ባለባጃጅ አንገቱን አስግጎ አየ። ሽማግሌዎቹ ከበቡኝ። "እንግዲህ ይቅር በያቸው፣ ልጄ።"

"ሌባ ያሉት እኔን አይደለም" አልኳቸው። "ይቅርታውን እሱን ይጠይቁት።" ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።