የሚጾመው ኔትወርክ

ደብረ ታቦር ለሚገኝ አንድ ሆቴል ኔትወርክ ዘርግቼ ነበር። ገመዱ ከካሸሯ ኮምፒውተር ተነስቶ በጓዳው ጣሪያ ሥር ያልፍና ማድ ቤት ካለው ማተሚያ ይደርሳል። እሷ ትእዛዝ ስትጽፍ እዚያ ይታተማል። ሁዳዴን ሙሉ እንከን አልነበረውም። ፋሲካ ሲገባ ተቋረጠ፤ እኔ ሥራ ከያዝኩበት ከገሳይ እስክመጣ ደግሞ ራሱ ድኖ ጠበቀኝ። ፍልሰታንም በደህና ከርሞ፣ ጾሙ ሲፈታ ታመመ። የሚጾም ኔትወርክ አይቼ አላውቅም፤ ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

የሆቴሉ ባለቤት ሽማግሌው ግን ምክንያቱን ደርሰውበታል። «ካሸሯ በጾም ምን ገበያ አለና ትስረቅ? ሥጋ ሲገባ ነው እጇ የሚረዝም። ገመዱን ነቅላ በጎን ትሸጣለች» አሉኝ በስልክ።

ይኸንኑ ለካሸሯ በአስተናጋጆቹ ፊት ነግረዋታል። በዚህኛው ጊዜ መስመሩ ሳይድን ስደርስ የመሳቢያውን ቁልፍ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች።

«ወንድሜ፣ እስኪ ፈልግልኝ። ካጣኸው እሄዳለሁ» አለችኝ።

አዘንኩላት፤ ነገሩን ለማወቅም ጓጓሁ። እስከዚያ ድረስ የምፈትሸው የእሷን ኮምፒውተር ብቻ ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አሁን ገመዱን በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ጓዳው ስደርስ ጣቶቼ በርበሬ ሆኑ። ቀና ስል ገመዴ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቋንጣ ተሰቅሏል። እርጥቡ ሥጋ ከብዶ ገመዱን ይጎትትና ማተሚያው ጋ ያለውን መጋጠሚያ ያላላዋል። ሲደርቅ ይቀልላል፣ መስመሩም ይመለሳል።

«ቋንጣውን ማን ሰቀለው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ባለቤቱ ከኋላዬ። «የቋንጣ ሥራ ለሰው አልሰጥም። ጠንካራ ገመድ አገኘሁና ሰቀልኩ፤ ምነው?»

ነገርኳቸው። ወንበር ላይ ወጥተው ዝልዝሉን በየተራ አወረዱ። የመጨረሻው ሲነሳ ማተሚያው ተንጫጫና የተጠራቀመውን ትእዛዝ ማውጣት ጀመረ። እኔ እንደ ልጅ ደስ አለኝ፤ እሷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ልጄ፣ ቁልፍሽን አንሺ» አሏት ባንኮኒው ጋ መጥተው።

«አላነሳም፣ ጋሼ። ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው። እዚያው ሰው ፊት ስሜን ይመልሱልኝ።»

ሽማግሌው ቋንጣውን እንደታቀፉ አስተናጋጆቹን ጠሩ።